ውሃ የጠገበ ታንኳ

አንድ ቀዛፊ ነበረ፤ ውሃ የሚፈራ።

«ይሄ ቀልድ ነው?» አለች ትርሲት።

«ጠይቀሽኛል፤ እየመለስኩልሽ ነው» አሉ እትዬ ይመኙ።

የጠየቀችው እንዲህ ነበር። ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ወጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት የፕላስቲክ ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛው ላይ በረዶው ግማሹ የቀለጠበት ሳፋ፣ እና ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ትርሲት ቦርደርላይን የሚሉት የስብዕና መታወክ እንዳለባት ከተነገራት ወዲህ እዚህ ትመጣለች። ስሜት ሲያጥለቀልቃት ራሷን ሳትጎዳ፣ የወደደችውንም ሳታባርር እንዴት እንደምታልፈው የሚያስተምሯት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ወይዘሮ ይመኙሻል ናቸው። ሁሉም እትዬ ይመኙ ይላቸዋል።

ዛሬ ትርሲት ከጠዋት ጀምራ ታላቅ እህቷ ጋ ትደውላለች፤ እህቷ አታነሳም። ስልኳ ላይ መልእክት ጽፋለች፦ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም፤ አትፈልጊኝ። አልላከችውም። አውራ ጣቷ ግን ከላዩ አልተነሳም። ባለፈው እንዲህ ያለውን ስትልክ እህቷ ሥራ ጥላ፣ አልቅሳ መጥታ ነበር። ስትሄድ በር ላይ ቆማ «ሌላ ጊዜ አቅም የለኝም፣ ትርሲትዬ» ብላታለች።

«ፊትሽን በረዶ ውሃ ውስጥ ንከሪ አሉኝ፤ ነከርኩ» አለች ትርሲት። ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ፀጉሯ ዳር ዳሩ ረጥቧል። «ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አውጪ አሉኝ፤ አወጣሁ። ሕመሙ እዚሁ ነው። ንቅንቅ አላለም። ካላጠፋልኝ ምን ይረባኛል?»

እትዬ ይመኙ እጃቸውን በፎጣ አደራርቀው ወንበር ሳቡ። «ተቀመጪ» አላሏትም። ስለ ቀዛፊው የጀመሩት ያኔ ነው።

*

ሰውዬው የሐይቅ ዳር ልጅ አልነበረም። ከደረቅ ደጋ ነው የመጣው፤ ውሃ በእንስራ ካልሆነ በቀር ከማይታይበት አገር። ለትዳር ወደ ሐይቁ ወረደ። የሚስቱ ወገኖች በታንኳ ሰውና እህል እያሻገሩ የሚኖሩ ነበሩና እሱም መቅዘፊያ ያዘ። ክንዱ ብርቱ ነው፣ አቅጣጫ አይስትም፣ ሰው ይወዳል። ነገር ግን ያገሩን እውቀት ይዞ ነው የወረደው። በእሱ አገር ዕቃ ውሃ ካሳለፈ ተሰብሯል። እንስራ ካፈሰሰ ይጣላል፤ ቅል ከተሰነጠቀ ይጣላል። ከዚህ ሌላ ሕግ አያውቅም።

ታንኳ ደግሞ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ በገመድ ይታሰራል። ሳንቃ የለው፣ ምስማር የለው። ስለዚህ ውሃ ያስገባል። ሁልጊዜ ያስገባል። ቀዛፊዎቹ እግራቸው እንደረጠበ ይሄዳሉ፣ እንደረጠበ ይመለሳሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው ያቆሙታል፤ ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል። «ታንኳ ይጠጣል እንጂ አይሰምጥም» ይላሉ። ደንገል ልቡ ቀላል ነው፤ የጠጣውን ተሸክሞ ይንሳፈፋል።

ሰውዬው ይህን አባባል ሰምቷል። ሌላውን ሰው ሲያስተምርበትም ታይቷል። መስማትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው።

ሌላውን ቀዛፊ ጠብታ ሲነካው የነካው ጠብታ ነው። እሱን ሲነካው የነካው ሐይቁ በሙሉ ነው። እግሩ ጣት ላይ ቅዝቃዜ ሲሰማው ልቡ ጆሮው ውስጥ ይመታል፤ ዓይኑ ከዳር በቀር የሚያየው ነገር የለም። ከዚያ ይዘላል።

«ከታንኳው?» አለች ትርሲት።

«ከታንኳው።»

«ወዴት?»

«ወደ ውሃው።»

«ውሃ ፈርቶ?»

እትዬ ይመኙ በእጇ ያለውን ስልክ አዩ። ትርሲት ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ደግሞ አወጣችው።

*

እሱ ሲዘል ታንኳው ይገለበጣል። በመጀመሪያ የገበሬ እህል ሰጠመ። ቀጥሎ የአንድ ሸማኔ ድርና ማግ፤ ክሩ ውሃው ላይ ተበትኖ ለብዙ ጊዜ የአሣ አጥማጆች መረብ ላይ ሲገኝ ከረመ። እሱ እየተንቦጫረቀ፣ ቄጠማ እየጨበጠ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ያለቅሳል። ከቤት ቤት ዞሮ ይቅርታ ይለምናል፤ ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ ይምላል። ይቅርታው የውሸት አልነበረም። መሐላውም የውሸት አልነበረም። ግን መሐላ የሚማለው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ ጣቱ ሲረጥብ የማለው ሰው ዳር ላይ ይቀራል።

አንድ ሰሞን መላ አገኘሁ አለ። በእሱ አገር ጎተራ በእበትና በጭቃ ይለሰናል፤ ከተለሰነ ነፋስ አይገባውም፣ አይጥ አይገባውም። እሱም ታንኳውን ከአፍ እስከ ገደፉ ለሰነው። ሥሩን ለሰነ፣ ጎኑን ለሰነ፣ ሲደርቅ ደግሞ ደረበበት። የሐይቅ ዳር ሰው ሊያይ ወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ ሰው?»

«ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ አትገባም።»

«በሉ ጎተራ ሊቀዝፍ ነው» አለ አንዱ። «ጤፉን መቼ ነው የምትከትበት?»

ታንኳው ከብዶ፣ ወገቡ ድረስ ጠልቆ ተንሳፈፈ። ሐይቁ መሀል ሳይደርስ ጭቃው እየራሰ ይላጥ ጀመር። ብዙ ቀን ደርቆ የኖረ እግር ሲረጥብ ድንጋጤው የባሰ ነው፤ ሰውዬው ከሌላው ቀን ሁሉ ፈጥኖ ዘለለ። ያን ቀን ከኋላው የተቀመጡት አማቱ ነበሩ።

በአጠገባቸው የሚያልፉ ቀዛፊዎች አማቱን ጎትተው አወጧቸው። ከነጠላቸው በቀር ምንም አልጠፋም። ሚስቱ እናቷን ደረቅ ልብስ አለበሰች፣ ጀርባቸውን አሸች፣ ትኩስ ነገር አጠጣች። ይህን ሁሉ ጨርሳ ነው ወደ እሱ የዞረችው።

«ሐይቁን አልፈራም» አለችው። «እዚሁ ነው የተወለድኩት። የምፈራው አንተን ነው።»

«እኔ እኮ ፈልጌ...»

«አውቃለሁ። ክፉ አይደለህም። ከእንግዲህ ግን ካንተ ጋር አልሳፈርም።»

እሷ ካልተሳፈረች ማን ይሳፈር? ሰው ሁሉ ሌላ ታንኳ ይጠብቅ ጀመር። ሰውዬው ጠዋት ወርዶ ባዶ ታንኳ አጠገብ ይቆማል፤ ሲደክመው ይመለሳል።

ትርሲት ወደ መስኮቱ ሄዳ ነበር። ከታች አንድ የታክሲ ረዳት መዳረሻውን ይጣራል። «ሚስቱ እውነቷን ነው» አለች ሳትዞር። ትንሽ ቆይታ፦ «እሱም ወዶ አይደለም።»

«ሁለቱም እውነት ነው» አሉ እትዬ ይመኙ። «አንዱ አንዱን አያጠፋውም።»

*

እዚያ ሐይቅ ዳር አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ነገራቸው አጭር። ሰውዬው እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ፍርሃቴን ያውጡልኝ፣ አባቴ።»

«እሱን አልችልም» አሉት። «መቀመጥ ላስተምርህ እችላለሁ።»

«መቀመጥ ማን ያቅተዋል?»

«አንተን።»

ሽማግሌው ከውሃ የማያወጡት አንድ አሮጌ ታንኳ ነበራቸው። ክረምት ከበጋ ቄጠማው መሀል ታስሮ ይጠጣል። ውሃ የጠገበ ታንኳ ይሉታል። ለጭነት አይሆንም፣ ለመንገድ አይሆንም። የሐይቅ ዳር ልጆች ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ መቅዘፊያ ከመያዛቸው በፊት እሱ ላይ ይቀመጣሉ። ለዚህ ብቻ ነው የተቀመጠው። ሐይቁ ጠዋት ጠዋት መስታወት ነው፤ ነፋስ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው። ሽማግሌው በጠዋት፣ ውሃው ጉልበት ከማይደርስበት ቦታ ወስደው አሳፈሩት።

ተቀመጠ። ወዲያው ውሃው ከነዶዎቹ መሀል ብቅ ብቅ አለ።

«ውሃው የት ደረሰ?» አሉ ሽማግሌው።

«እየሰመጥን ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። የት ደረሰ?»

«አባቴ፣ ማለቃችን ነው እኮ!»

«የት ደረሰ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ቁርጭምጭሚቴ።»

«እንግዲያው ቁርጭምጭሚትህ ረጥቧል» አሉት።

ይህን ሰምቶም ዘለለ። ውሃው ከጉልበቱ በታች ነውና በቁሙ ተገትሮ ቀረ። ሽማግሌው ሳቁ። እሱም እንደ ማፈር ብሎ ሳቀ፤ ተመልሶም ወጣ።

ትምህርቱ ትንሽ ነው። ልብህ ሊዘል ሲነሳ አንተ ተቀመጥ። መቅዘፊያህን ጭንህ ላይ አጋድም፤ በማዕበል መሀል ወዴት ልሂድ አትበል። ከሐይቁ እፍኝ ውሃ ዝገንና ፊትህን አርስ፤ ቅዝቃዜው ሳይነካህ ቀድመህ ንካው። ነዶዎቹ የታሰሩበትን ገመድ ጨብጥ፤ ሻካራ ነው፣ መዳፍህ ይወቀው። ትንፋሽህ እንደ መቅዘፊያ ይሁን፤ መግባቱ አጭር፣ መውጣቱ ረጅም። ከዚያ ውሃው የት እንደደረሰ በአፍህ ተናገር፤ የፈራኸውን ሳይሆን ያየኸውን።

ሰውዬው እየተመላለሰ ተማረ። አንዳንድ ጠዋት ይቀራል፤ ሽማግሌው አይቆጡም፣ ታንኳውም የትም አይሄድም። አንድ ቀን ግን መረረውና ተናገረ።

«በጸጥታማ ማንም ይቀመጣል። እኔን የቸገረኝ ማዕበል ነው።»

«ማዕበል ሲመጣ ጆሮ አይኖርህም» አሉት። «ያን ቀን የሚደርስልህ ዛሬ እጅህ የለመደው ነው።»

«ይኸው ስንት ጠዋት ተማርኩ፤ አሁንም እፈራለሁ።»

«እኔም።»

«እርስዎም?»

«ሐይቅ እኮ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ትርሲት ከመስኮቱ ዞረች፤ በአፍንጫዋ አጭር ሳቅ አመለጣት። እትዬ ይመኙም ፈገግ አሉ፤ ግን ወሬያቸውን አላቋረጡም።

*

ሰውዬው ሕፃን ልጅ ነበረው። አንድ ቀን ሕፃኑ ገላው እሳት ሆኖ፣ ጡት እምቢ ብሎ አረፈደ። ጤና ጣቢያው ከሐይቁ ማዶ ነው። በእግር ልዙር ያለ መንገድ ላይ ያድራል። ቀኑ የገበያ ቀን ነውና ሌሎቹ ታንኳዎች ሁሉ ሄደዋል። ዳር ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበረ፤ የእሱ።

ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ መጣች። ታንኳውን አየች፣ እሱን አየች። ምንም ሳትል ወጥታ ከኋላው ተቀመጠች። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

ቀዘፈ። ክንዱ ብርቱ ነው፤ ሐይቁም ለጊዜው ፈቀደለት። መሀል ሲደርሱ ውሃው ጠቆረ፤ ነፋሱ ተነሳ። የመጀመሪያው ማዕበል ከታንኳው ጎን ተላትሞ ተመለሰ። ሁለተኛው አልተመለሰም፤ ገባ።

ጣቱን ነካው።

ልቡ ጆሮው ውስጥ መታ። ዓይኑ ዳር ፈለገ፤ ዳር ሩቅ ነው። ሳያዛቸው እግሮቹ ተሰበሰቡ፣ ወገቡ ከመቀመጫው ተነሳ። ሊዘል ነው። ያውቀዋል፤ ሰውነቱ ከእሱ ቀድሞ ቆርጧል። ከዘለለ ታንኳው እንደሚገለበጥ ያውቃል። ሕፃኑ ሚስቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ እንደታሰረም ያውቃል። ማወቁ ግን እግሩን አልያዘለትም። ማወቅ እግር የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ድሮ በተያዘ።

ሚስቱ አልጮኸችም፤ ልብሱንም አልያዘችም። እሷም በልጅነቷ ውሃ የጠገበው ታንኳ ላይ ተቀምጣ ያደገች ናት።

«ውሃው የት ደረሰ?» አለች።

«እየሰ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ጎንበስ ብሎ አየ። «ቁርጭምጭሚቴ።»

ተቀመጠ።

መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። በእፍኙ ውሃ ዝቆ ፊቱ ላይ ደፋ፤ ቅዝቃዜው አፍንጫው ድረስ ገባ። ገመዱን ጨበጠ። ገመዱ እዚያው ነበረ፣ እንደ ጠዋቶቹ ሻካራ። ትንፋሹ መጀመሪያ እንደ ውሻ ነበረ፤ ቆይቶ ረዘመለት።

«አሁንስ?»

«ባቴ።»

«አሁንስ?»

«ጉልበቴ ሊደርስ ነው።»

«ደረሰ ወይ?»

አየ። «አልደረሰም።»

ልብ በይ፤ ፍርሃቱ አልተወውም። ማዕበሉም ከቶ አላዘነለትም። ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ እንባውና ሐይቁ ፊቱ ላይ ተደባልቀዋል። ሦስት ጊዜ ወገቡ ሊነሳ ሞክሯል፤ ሦስት ጊዜ ገመዱን ይበልጥ ጨብጧል። ፍርሃቱ አለ፣ እሱም አለ፣ ታንኳውም አለ። አብረው ተንሳፈፉ። ሕፃኑ አለቀሰ፤ የሚያለቅስ ሕፃን ደግሞ በሕይወት ያለ ሕፃን ነው።

ነፋስ የማያደክመው ነገር የለም፤ ራሱም ይደክማል። ውሃው ቀስ በቀስ ቀለሙን መለሰ። ካሰቡት ቦታ እጅግ ርቀው ቄጠማ ውስጥ ተገፍተው ነበርና ከዚያ ረጅም መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ሕፃኑ ታከመ፤ ዳነ።

ሲመለሱ ሰውዬው ታንኳውን ዛፍ ላይ አስደግፎ አቆመው። የጠጣው ውሃ ከታችኛው ጫፍ እየተንጠባጠበ አፈሩን ያረሰርሳል። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ጠብታውን ስታይ ቆየች።

«ነገ እናቴ ማዶ መሄድ ትፈልጋለች» አለች።

*

ሳፋው ውስጥ የቀረው በረዶ ድምፅ ሳያሰማ ይቀልጣል።

«ከዚያ ወዲህ ዘሎ አያውቅም?» አለች ትርሲት።

«ዘሏል። አንድ ቀን፣ ብቻውን ሆኖ፣ እዚያው ዳር አጠገብ። ቀልቡን ሌላ ነገር ወስዶት ነበር። ወጣ፣ ታንኳውን አቀና፣ አደረቀው። በማግስቱ ውሃ የጠገበው ታንኳ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።»

ትርሲት ስልኩን አየች። መልእክቱ እንዳለ ነው፤ አውራ ጣቷም እንዳለ ነው።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ እትዬ ይመኙ። «ያ ሰው አንቺን ይመስላል። ሌላውን ጠብታ በሚነካው ጊዜ አንቺን ሐይቁ ይነካሻል፤ ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ውሃው ሕመምሽ ነው። ታንኳው ኑሮሽ ነው። ውሃ ባስገባ ቁጥር ተሰበረ ትያለሽ፤ አልተሰበረም፣ ደንገል ነው፣ ይጠጣል። የጻፍሽው መልእክት ዝላዩ ነው። እህትሽ ከኋላሽ ተቀምጣለች። ይህ ሳፋ ደግሞ ያ አሮጌ ታንኳ ነው፤ ለመንገድ አይሆንም፣ ለመለማመድ እንጂ። ካላጠፋልኝ ምን ይረባኛል ብለሽ ጠየቅሽኝ። አያጠፋልሽም። እስኪያልፍ ያስቀምጥሻል። የተቀመጠ ሰው ማዶ ይደርሳል፤ ካሰበው ቦታ ባይሆንም እንኳ።»

«እሷ ግን ዛሬ ጭራሽ ትታኝ ቢሆንስ?»

«ያ የፈራሽው ነው። ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አላነሳችም» አለች። «ይሄን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ውሃው የት ደረሰ?»

ዓይኗን ጨፍና ፈለገችው። «ደረቴ።»

«እንግዲያው ደረትሽ ረጥቧል።»

ትርሲት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳፋው አጠገብ በግንባሩ ደፋችው። ስልኩ አልጮኸም። እጆቿን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ የቀረችውን በረዶ ፈልጋ ጨበጠቻት፤ ትንፋሿን ረጅም አድርጋ አወጣች። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።